«ኢን ሪጋርድስ ቱ» እና የዘይነባ ሱቅ

ሰው በሰባ ስምንት ዓመቱ አዲስ ነገር አይማርም የሚሉ አሉ። እኔም ከሚሉት አንዱ ነበርኩ። ባለፈው ዓመት፣ በአንድ ዓርብ ረፋድ ተጀምሮ ከሰዓት በኋላ ያበቃውን ጉዳይ ካላወጋሁ ግን ሐሳቤን መለወጤን የሚያውቅልኝ ሰው አይኖርም።

አስቀድሜ ማን እንደነበርኩ ልናገር። በወጣትነቴ ስድስት ኪሎ እንግሊዝኛ ተምሬ በዲግሪ ተመረቅሁ። ከዚያም በአንድ መሥሪያ ቤት ወደ ውጭ አገር የሚላኩ ደብዳቤዎችን ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ አረምሁ። በእኔ ክፍል አንድ ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ሳይታይ አይወጣም ነበር፤ መጀመሪያ ለስሕተቱ፣ ቀጥሎ ለአሰካኩ፣ በመጨረሻም ለክብሩ። ጸሐፊዎቹ ረቂቁን ጠረጴዛዬ ላይ አኑረው እጃቸውን አጣምረው ይቆማሉ። እኔ አነባለሁ። ማንም ተናግሮ አቋርጦኝ አያውቅም፤ ይህንንም የሙያ አክብሮት ነው እያልሁ ኖርሁ።

ዛሬ የምኖረው አሜሪካ፣ ጆርጂያ ውስጥ ማሪዬታ በምትባል ከተማ፣ በልጄ ቤት ምድር ቤት ነው። ሦስት መዝገበ ቃላት፣ አንድ ማተሚያና አንድ ደርዘን ቀይ እስክሪብቶ አለኝ። የሥራ እጥረትም የለብኝም፤ እግዚአብሔር ይስጣቸውና አሜሪካኖች ቋንቋቸውን እንዳሻቸው ይጽፉታል።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ አንድ ሐረግ ነው። አንድን ጉዳይ «በተመለከተ» ለማለት ሲፈልጉ «ኢን ሪጋርድ ቱ» ማለት ነበረባቸው። የሚሉት ግን «ኢን ሪጋርድስ ቱ» ነው። ያቺ በመሐል የገባችው «ስ» ከሰላምታ ጋር የምትሄድ ናት፤ «ሪጋርድስ» ብሎ መልካም ምኞቱን ለወዳጁ የሚልክ ሰው ይጠቀምባታል። ስለዚህ «የውኃ ቧንቧውን በተመለከተ» ብለው ሲጽፉ ለቧንቧው ሰላምታ የሚያቀርቡ ይመስለኛል። ይህችን «ስ» በጥርስ ሐኪሜ ማስታወቂያ ላይ አግኝቻታለሁ፤ በቤተ መጻሕፍቱ በር ላይም። የሰፈራችን የቤት ባለቤቶች ማኅበር በላከልን ደብዳቤ ላይ ሦስት ጊዜ ስላገኘኋት ደብዳቤውን አርሜ መለስኩላቸው። መልስ የመጣው ለእኔ ሳይሆን ለልጄ ነው፤ «አባትሽን አንድ በይልን» የሚል መንፈስ ነበረው።

የልጅ ልጄ ቤዛ ሚድታውን ውስጥ ጠበቃ ናት። እዚሁ ተወልዳ፣ እዚሁ ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ፣ እርሷም «ኢን ሪጋርድስ ቱ» ብላ ትጽፋለች። አንድ ጊዜ ሳርማት፦ «አባባ፣ ሲሪየስሊ፣ ዳኛው ራሱ እንደዚያ ነው የሚለው» አለችኝ። «እንግዲያው ዳኛውንም አምጪው» አልኳት። ከዚያ ወዲህ የጻፈችውን አሳይታኝ አታውቅም።

ሰዒድ ጎረቤቴ ነው። ወሎ ሐይቅ የተወለደ፣ ዕድሜው ሃምሳን የተሻገረ፣ ታክሲ የሚነዳ ሰው ነው። ባለቤቱ ዘይነባ ዶራቪል ውስጥ በአንድ የሱቆች ሕንጻ ላይ ጤፍ፣ በርበሬ፣ የመስገጃ ምንጣፍና ሽቶ ትሸጣለች። ያንን ሱቅ ለማቋቋም ዘጠኝ ዓመት የሰው ቤት ስታጸዳ ኖራለች። እኔን ደግሞ ሰዒድ በየወሩ ሐኪም ቤት ያደርሰኛል፤ «ምን ላድርግልህ?» ስለው «ዱዓዎ ይበቃኛል ጋሼ» ይላል።

ያን ዓርብ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ገደማ በሬን አንኳኳ።

«ጋሼ ታደሰ፣ አንዲት ወረቀት ለማተም ነው የመጣሁት። ወዲያው እሄዳለሁ።»

«የምን ወረቀት?»

ነገሩ እንዲህ ነው። ዘይነባ ከሱቋ ጀርባ፣ በመውጫው በር ላይ ካርቶን ከምራለች። የሕንጻው ባለቤት፣ ሚስ ኧርሊን የምትባል ሴት፣ እሳት ቢነሣ ሰው በየት ይወጣል ብላ ተቆጥታለች። የኪራይ ውሉ የሚያልቅበት ወር ስለነበረም ወረቀት ላከች፦ ካርቶኖቹ መቼ እንደሚነሡ በጽሑፍ፣ በፊርማ፣ በእጅ ይድረሰኝ፤ አለበለዚያ ቤቱን ስልክ ለሚጠግን ሰው እሰጣለሁ። ሰዒድ ቤዛን ለመናት፤ እርሷም ማታውኑ መልስ ጽፋ በስልኩ ላከችለት። የቀረው ማተምና ማስፈረም ብቻ ነበር።

«ዛሬ ነው የሚደርሰው» አለኝ ሰዒድ።

ቀኑን ሰማሁ። በስንት ሰዓት እንደሆነ አልጠየቅሁም። ልብ በሉልኝ፤ ለአንዲት ፊደል ዳኛ ካልመጣልኝ የምል ሰው ይህንን አልጠየቅሁም።

ወረቀቱ ከማተሚያው ወጣ። ሁለት አጫጭር አንቀጾች ናቸው። ዓይኔ የመጀመሪያው መስመር ላይ አረፈ፦ «ኢን ሪጋርድስ ቱ ዮር ሌተር»።

«ተቀመጥ» አልኩት።

«ጋሼ፣ አያስቸግርዎትም? እንዲያው…»

«ሰዒድ፣ በዚህች ከተማ የአንተን ስም ተሸክሞ የሚሄድ ወረቀት በስሕተት አይጀምርም። ተቀመጥ።»

ተቀመጠ። ቀይዋን አነሣሁ። አንዲቷን «ስ» ብቻ ነቅዬ ብተወው ኖሮ ይህ ጽሑፍ ባልተጻፈ። ነገር ግን አንድ ድንጋይ ከካብ ሲወጣ ሌላው ይንቀጠቀጣል። ቤዛ «ይቅርታ እንጠይቃለን» ብላለች፤ ለምኑ እንደሆነ አልተብራራም። «ካርቶኖቹን እስከ እሑድ እናነሣለን» ብላለች፤ ስንት ካርቶኖች? «መቆየት እንፈልጋለን» ብላለች፤ ይህ ደግሞ እንደ ሕፃን ልመና ነው። ሁሉንም ከሥሩ ልሠራው ቆረጥሁ።

«ካርቶኖቹ እዚያ መከመር የጀመሩት መቼ ነው?»

«እንጃ ጋሼ፣ ከረመዳን በፊት መሰለኝ።»

«መሰለኝ አይጻፍም። አስብ።»

አሰበ። ሲያስብ የእጅ ሰዓቱን አየ። ዓርብ መሆኑ ትዝ አለኝና ገባኝ ብዬ ፈገግ አልሁ።

«ለጁምዓ ሰግተህ ከሆነ አይዞህ። በጊዜ እለቅሃለሁ።»

«አብሽሩ ጋሼ፣ ይሥሩ» አለ፤ ግንባሩ ግን ረጥቦ ነበር።

የመጀመሪያውን ረቂቅ ጨረስሁ። ጮክ ብዬ አነበብኩለት። ስልኩ ጠራ። የዘይነባ ድምፅ ከጆሮው አልፎ ወደ እኔ ይሰማል።

«የት ነህ?»

«እዚሁ ጋሼ ታደሰ ቤት ነኝ።»

«አልታተመም?»

«ታትሟል። እያረሙልኝ ነው።»

 ከዚያ «ያ ረቢ!» የሚል ቃል ሰማሁ፤ የአድናቆት መሰለኝ።

ሁለተኛው ረቂቅ ለአሰካኩ ነበር። ሰዒድ ተነሥቶ መስኮቱ ዘንድ ሄደ፤ ተመልሶ ተቀመጠ፤ እንደገና ተነሣ። «አንተ ሰው፣ ጥፍርህን አትብላ» አልኩት። «እሺ ጋሼ» አለ። ሦስተኛው ለክብሩ ነበር። «ክብርት እመቤት ሆይ» ብዬ ጀምሬ፣ ስለ ሱቁ አጀማመር አንድ አንቀጽ፣ ስለ እሳት አደጋ አስከፊነት አንድ አንቀጽ፣ ስለ ዘይነባ ጠባይ አንድ አንቀጽ ጨምሬ፣ ጉዳዩን በሚገባው ቦታ በሦስተኛው ገጽ ላይ አኖርሁት። ወረቀቶቹ ከማተሚያው እየሞቁ ሲወጡ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ዓይኔ እንባ አቀረረ። ጡረታ ከወጣሁ እንዲህ ያለ ደብዳቤ ጽፌ አላውቅም።

ሰዒድ በሁለት እጁ ተቀበለኝ። «አላህ ይስጥልኝ ጋሼ» ብሎ ጎንበስ አለ።

«ለጁምዓ ደረስህ አይደል?»

«ጁምዓው እንኳ ገና ነው።»

«ታዲያ ሰዓቱን ምን ስታይ ነበር?»

ወረቀቱን ተመለከተ፤ ምንጣፉን ተመለከተ። «ደብዳቤው እስከ እኩለ ቀን ነበር መድረስ ያለበት።»

በግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አየሁ። እኩለ ቀን ሊሆን አምስት ደቂቃ ቀርቶታል። ከማሪዬታ ዶራቪል መንገዱ ክፍት ቢሆን ግማሽ ሰዓት ነው፤ ዓርብ ደግሞ መንገዱ ክፍት ሆኖ አያውቅም።

«ለምን አልነገርከኝም?» ድምፄ ከፍ ብሎ ኖሯል።

«እንዴት ብዬ ጋሼ? እርስዎ በሽምግልናዎ ለእኔ ብለው ሲደክሙ ቶሎ ይበሉ ልበል?»

እንግዲህ አንባቢዬ፣ ከእኛ ሰው በቀር ይህንን ስሕተት የሚሠራ በምድር ላይ ያለ አይመስለኝም። የሚስቱ የዘጠኝ ዓመት ላብ ከእጁ ሲያመልጥ ከሁለት ሰዓት በላይ ተቀምጦ አየ፤ ሽማግሌ ላለማቋረጥ።

ኮቴን ለበስሁ፤ ክራባቴን አሰርሁ። «እኔም እሄዳለሁ» አልሁ። «ያጠፋው ሽማግሌ ነው፤ ሽማግሌው ራሱ ይለምናል።»

መኪናው ውስጥ ቤዛ ደወለች። ዘይነባ ነግራታለች።

«አባባ፣ ኤዲት አደረግከው?»

«አረምሁት።»

«ስንት ገጽ ሆነ?»

«ሦስት።»

«ኦ ማይ ጋድ! ሁለት ፓራግራፍ እኮ ነበር!»

«ቤዛ፣ አንቺ ራስሽ በመጀመሪያው መስመር ላይ…»

«አባባ፣ ዘይነባ ሱቋን ልታጣ ነው።» ድምፅዋ ተለወጠ። «ስማኝ፣ ፕሊስ። እዚያ ስትደርስ ማንንም እንዳታርም። ሴትዮዋ ምንም ብትል። ፕሮሚስ አድርግ።»

«ቃሌ ነው» አልሁ። ሰዒድ መንገዱን ብቻ እያየ ይነዳል፤ ከንፈሩ ግን የተንቀሳቀሰ መሰለኝ።

ስንደርስ ከእኩለ ቀን አርባ ደቂቃ አልፏል። ዘይነባ እጆቿን አጣጥፋ ከሱቋ በር ላይ ቆማለች። ባሏን ዘልላ እኔን ተመለከተች።

«ጋሼ፣ እኔ እኮ ደብዳቤ ነው ያልሁት። አዋጅ ነው እንዴ የሚያረቁት?»

«ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ልጄ።»

«እርሱን ማን ካደ!» አለችና፣ ያ ሁሉ ቁጣዋ እያለ፣ መኪናው በር ላይ እንዳልደናቀፍ ክንዴን ያዘች። 

የሚስ ኧርሊን ቢሮ በሕንጻው ጫፍ ነው። በሩ ላይ በእጅ የተጻፈ ካርቶን ተለጥፏል፤ ኪራይን የሚመለከት ጥያቄ ያለው እንዲያንኳኳ ያዝዛል። በምን ሐረግ እንደሚጀምር መናገር አያስፈልገኝም። ጥርሴን ነክሼ አንኳኳሁ።

ውስጥ እንደ እኔው ሰባዎቹን ያገባደደች፣ ጥቁር፣ ግርማ ያላት የጆርጂያ ሴት ተቀምጣለች። ጠረጴዛዋ ላይ የታሸገ ፖስታ አለ፤ አድራሻው ስልክ ለሚጠግነው ሰው ነው። ፖስተኛው ሲያልፍ ይወስደዋል ማለት ነው። እንግሊዝኛ አንተንና እርስዎን ስለማይለይ በየትኛው እንዳናገረችኝ አላውቅም፤ ለክብሬ ስል በእርስዎ እተረጉመዋለሁ።

«እኩለ ቀን ብዬ ነበር» አለች። «ኢን ሪጋርድስ ቱ የኋላው በር ከእኩለ ቀን በኋላ ወሬ አልሰማም።»

ለቤዛ የገባሁትን ቃል አስታወስሁ። ሦስቱን ገጽ አቀረብሁ። መነጽሯን አጥልቃ አነበበች፤ ገለጠች፤ አነበበች፤ ቀና አለች።

«ማን ነው የጻፈው?»

«እኔ ነኝ።»

«ስንት ሰዓት ፈጀብዎ?»

«ሁለት ሰዓት ከሩብ።»

«ሌላ ሥራ የለዎትም?»

ዘይነባ ከኋላዬ ሳል አስመስላ ሳቀች። ሚስ ኧርሊን ግን አልሳቀችም። ወረቀቱን ወደ እኔ መልሳ ገፋችው።

«አንድ ነገር ብቻ ነው የጠየቅሁት። ካርቶኖቹ ይነሣሉ ወይስ አይነሡም? ኢን ሪጋርድስ ቱ እርሱ እዚህ ውስጥ የተጻፈ ነገር አላገኘሁም።»

ሦስተኛው ገጽ ላይ አለ ልላት አፌን ከፈትሁ። ከዚያ ያንን ገጽ እኔም ተመለከትሁት። በእርግጥ አለ፤ ግን በአራት ሐረጎች መሐል ተቀብሯል፤ ማን እንደሚያነሣቸውም አይናገርም። ለሃያ ስድስት ዓመታት እንዲህ ስጽፍ ማንም «አላገኘሁም» ብሎኝ አያውቅም ነበር።

ቆምሁ። ቀጥሎ የተናገርሁት እንግሊዝኛ ስድስት ኪሎ ካስተማሩኝ ሁሉ እጅግ ተራው ነው።

«እመቤቴ፣ እነዚህ ሰዎች አልዘገዩም። ጥሩ ደብዳቤ ነበራቸው። እኔ ያዝሁባቸው። ይህ ሰው እኩለ ቀን መሆኑን እያወቀ ከፊቴ ተቀምጦ ነበር፤ ቶሎ በል ሊለኝ አፍሮ ነው። የሚቀጣ ካለ እኔ ነኝ። ሱቁን በእኔ ጥፋት አትውሰጂባት።»

ሚስ ኧርሊን ወደ ሰዒድ ዞረች። «እውነት ነው? ሁለት ሰዓት ሙሉ ዝም ብለህ ተቀመጥህ?»

«የስ ማም» አለ ሰዒድ፤ አንገቱን እንደደፋ።

«ሽማግሌ ላለማቻኮል?»

«የስ ማም።»

ወንበሯ ላይ ወደ ኋላ ተለጠጠች። «እናቴ በሕይወት ብትኖር አንተን ታገባህ ነበር» አለች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች፦ «እርስዎን ግን ከቤቷ ታስወጣዎት ነበር።» ከመሳቢያዋ አንድ ነጭ ወረቀት አወጣች። «ጥሩው ደብዳቤ የታለ? አሁን እዚህ ይጻፍ። በሰው ቋንቋ።»

የቤዛ ደብዳቤ በሰዒድ ስልክ ላይ ነበር። የሰዒድ እጅ ጽሑፍ አይነበብም፤ የዘይነባ እጅ አልጸና ብሏታል። ብዕሩ ወደ እኔ መጣ። ሰዒድ ስልኩን ከፊቴ ያዘልኝ፤ መብራቱ በየደቂቃው ሲጠፋ በአውራ ጣቱ ይነካዋል። የልጅ ልጄን ጽሑፍ ቃል በቃል መገልበጥ ጀመርሁ። የመጀመሪያው ቃል «ኢን» ነው። ሁለተኛው ላይ ደረስሁ። ፊደሎቹን ጽፌ ከመጨረሻዋ ፊት እጄ ቆመ።

«ጋሼ» አለች ዘይነባ በአማርኛ፣ በጣም ቀስ ብላ፣ «እጅዎን አመምዎት?»

«ትንሽ» አልሁና ያቺን «ስ» ጻፍኳት። ሰማዩ አልተደፋም። የቀረው በአራት ደቂቃ አለቀ። ይቅርታ እንጠይቃለን። ካርቶኖቹን እስከ እሑድ እናነሣለን። መቆየት እንፈልጋለን። ስገለብጠው ምንም የሚጨመርበት አላገኘሁም። ይህንንም መናገር ከ«ስ»ዋ ይልቅ ያማል።

ዘይነባ ፈረመች። ሚስ ኧርሊን አንዴ አንብባ የታሸገውን ፖስታ መሳቢያዋ ውስጥ ከተተችው። «አልቀደድሁትም» አለች። «እሑድ ማታ መጥቼ የኋላውን በር አያለሁ። አንድ ካርቶን ባገኝ ሰኞ ጠዋት ይላካል።»

እሑድ ማታ አንድም ካርቶን አላገኘችም። እኔም ቀላል ቀላሎቹን ተሸክሜያለሁ። ዘይነባ ውሏን አደሰች።

ለእኔ ግን ነገሩ በዚያ አላበቃም። ማታ ማታ እነዚያ እጃቸውን አጣምረው የሚቆሙ ጸሐፊዎች ይታዩኝ ጀመር። አንዷ ከአንዱ እግሯ ወደ ሌላው ክብደቷን ታዛውር ነበር፤ ለሥነ ሥርዓት ግድ የላትም እል ነበር። ምናልባት አውቶቡስ እያመለጣት ይሆናል። ምናልባት ከቀይ እስክሪብቶዬ ሥር የነበረው ደብዳቤ የአንድ ሰው የሕክምና ወይም የትምህርት ፈቃድ ነበር፤ ቀኑም እያለፈ ይሆናል። ማን ይነግረኛል? አክብሮት ብዬ የሰበሰብሁት ዝምታ ምን ያህሉ ይሉኝታ እንደነበረ ማወቂያ የለኝም።

እናንተ አንባቢዎቼ ምናልባት ታላቅ ወንድም፣ አለቃ፣ አማች፣ የዕድር ዳኛ ትሆናላችሁ። ከፊታችሁ ሰው ዝም ብሎ ተቀምጦ ሰዓቱን ቢያይ፣ ለምን እንደሚያይ ገብቶኛል አትበሉ፤ ጠይቁት። ስለ ሐረጉ እንደሆነ አቋሜ አልተለወጠም፤ ስሕተት ነው። አሁን ግን ወረቀት ከመቀበሌ በፊት «እስከ ስንት ሰዓት?» እላለሁ። ቤዛም ይህንን ስትሰማ ሁለት ጊዜ ጽሑፍ ላከችልኝ፤ ሁለቱንም ጊዜ «ዴድላይኑ በአስር ደቂቃ ውስጥ ነው» ብላ። ውሸቷን ይመስለኛል።

ከዚያ ሳምንት በኋላ ሰዒድ ሐኪም ቤት ሊወስደኝ መጣ። መንገድ ላይ እንደገና ይቅርታ ጠየቅሁት።

«ኧረ ምንም አይደለም ጋሼ።»

«ይህንን ቃል ከእንግዲህ ካንተ አልቀበልም። በእኔ ላይ ቅር ያለህ አንድ ነገር ንገረኝ። አንድ ብቻ።»

ሁለት መብራት አለፍን። ሦስተኛው ቀይ ሆኖ ቆምን።

«እንግዲህ ካሉኝ…» አለ መሪውን ይዞ። «እርስዎ ሲገቡ መንዙማዬን እዘጋለሁ። አራት ዓመቴ። ባይዘጋ ደስ ይለኛል።»

«ክፈተው።»

ከፈተው። እስከ ሐኪሙ ደጅ ድረስ ሰማን። ሰዒድ መጀመሪያ በጣቱ መሪውን ይመታ ነበር፤ ኋላ ድምፁን አውጥቶ ተቀበለ። ስለ ዜማው አንድ ሁለት አስተያየት ነበረኝ። ሳልናገር ወረድሁ።